ጾመኛው ድንጋይ

እትዬ ሙሉጌጥ በየጠዋቱ ሐይቁ ዳር ያለውን ድንጋይ ያደርቃሉ። ከነጠላቸው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ያወጡና ሌሊቱን ያደረበትን ጤዛ፣ ሞገዱ የረጨበትን ጠብታ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው ይጠርጋሉ። ከዚያ ጎንበስ ይሉና በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል። የሰው በር እንዳንኳኳ እንግዳ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። ድንጋዩ የሚመልሰውን ይመልሳል። "እሺ" ይሉና ይቀመጣሉ።

ድንጋዩ ግማሽ ነው። ሦስቱ ጎኖቹ ሻካራ ናቸው፤ አራተኛው በማሽን ስለተቆረጠ እንደ ዳቦ ቁራጭ ልሙጥ ነው። ድሮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጥ ነበር። አሁን የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። ሌላው ግማሽ የት እንደሄደ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ውኃ መናገር አለብኝ፤ የእትዬ ሙሉጌጥ ሕይወት በሙሉ ስለ ውኃ ነውና።

በሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ማለዳ የሚያንጎራጉሩት መዝሙር ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ቃሉ እዚያው ይቀርና ዜማው ብቻ ይደርሰኛል። የሥራ ዘመናቸውን የፈጁት ውኃ በማጠጣት ነው። ያጠጡት ግን አትክልት ሳይሆን አርማታ ነው። አዲስ የፈሰሰ ምሰሶ፣ ኮለን የሚሉት፣ ወይም የፎቅ ወለል፣ ሶሌታ የሚሉት፣ ፀሐይ እንዳይቀድመው ጆንያ ይለብሳል፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ይደረግለታል፤ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው። ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ሁሉ ይህን ሥራ "ማጠጣት" ነው የሚለው፤ ሌላ ቃል የለውም። እትዬ ሙሉጌጥ ደግሞ ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰዱት። የውኃ ጎማ ይዘው የቆሙበት ግድግዳ ሁሉ ለእሳቸው ጥም የሚያውቅ ነገር ነበር።

በባጃጅ አብረን ስንሄድ እንደ ሌላው ሰው ሱቅና ማስታወቂያ አያዩም።

"ያንን ሆቴል አየሽው?" አሉኝ አንድ ቀን። "የላይኛው ሶሌታ ጠጪ ነበር። የሰጠሁትን ሁሉ በአንዴ ጭልጥ ነው።"

የባጃጁ ነጂ በመስታወቱ አየን። "ጠጪው ሆቴሉ ነው ወይስ ባለቤቱ፣ እማማ?"

"ባለቤቱን እኔ አላጠጣሁም።"

ትንሽ ሄድን። "ይሄኛው ቶሎ ጠገበ" አሉ ባንኩን እያሳዩኝ። "ያኛው ግን፣ ከፋርማሲው በላይ ያለው፣ ጆንያውን ነፋስ እየወሰደበት በጣም ተቸግሯል፤ እስካሁን ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።" ከዚያ ቀን ወዲህ የምሽቱ ብርሃን ፎቆቹን ሲነካቸው ሀዋሳ የተገነባች ሳትሆን የበቀለች ትመስለኛለች፤ ሥሯ በአፈር ውስጥ ውስጡን ሐይቁ ድረስ የሚሄድ፣ ሌሊት ሌሊት ዝም ብላ የምትጠጣ።

ከባለቤታቸው ከጋሽ ወልደአማኑኤል ጋር የተገናኙትም በውኃ ነው። ገና ከሶዶ መምጣታቸው ነበር። አንድ ፎቅ ላይ ጎማ ይዘው ቆመው ሳለ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ከሥር ብቅ አለ፤ ቆሮሶ ዓሣ በሲባጎ ሰክቶ ለሠራተኛ ሊሸጥ የመጣ ነው። ፀሐዩ ከሮ ነበርና ቀና ብሎ "ዋ" አላቸው።

"ዋ" በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ውኃ ማለት ነው። እትዬ ሙሉጌጥ ያኔ ሲዳሙ አፎ አያውቁም፤ በሚያውቁት አማርኛ ደግሞ "ዋ" የሚባለው ተጠንቀቅ ለማለት ነው። አንዳች ነገር ከላይ የሚወድቅባቸው መስሏቸው ጎማውን ለቀው ወደ ኋላ ፈረጠጡ። ጎማው በራሱ ተገልብጦ ልጁን ከነዓሣው አጠበው።

"ብርጭቆ ነበር የጠየቅሁሽ" አላቸው ልጁ፣ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። "አንቺ ሐይቁን ሰጠሽኝ።"

ከተጋቡም በኋላ ይህች ጨዋታ ከቤታቸው አልወጣችም። ጋሽ ወልደአማኑኤል ውኃ ሲፈልጉ "ዋ" ይላሉ፤ እትዬ ሙሉጌጥ እንደ ደነገጠ ሰው ዘለል ይላሉ፤ ከዚያ ይቀዱላቸዋል። ልጅ አልወለዱም። እኔ ትንሽ ሳለሁ በግድግዳው በኩል ያቺን ቃልና ከኋላዋ የሚመጣውን ሳቅ እየሰማሁ ተኝቻለሁ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ጀልባ የተዉት ጉልበታቸው ተሰብሮ ነው። የአጥማጆቹ ማኅበር ዓሣ የሚያወርድበት የእንጨት መረማመጃ ከሥሩ በስብሶ ኖሮ፣ ሙሉ ሣጥን ተሸክመው ሲረግጡት ከዳቸው። ከዚያ ወዲህ በዱላ ነው የሚሄዱት። ዳር ተቀምጠው የሌሎችን መረብ ይጠግኑ ጀመር።

እትዬ ሙሉጌጥም ፎቅ መውጣት ሲያቅታቸው መናኸሪያ አካባቢ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ በጽዳት ተቀጠሩ። ባለቤቱ ክብሩ ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ ከክንዱ ፀጉር ላይ የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅም። የሚሠራው ፖሊመር ኮንክሪት የሚባለውን ነው። አሸዋና ጠጠሩ ያው የምናውቀው ነው፤ የሚያያይዘው ግን ሲሚንቶ ሳይሆን በበርሜል የሚመጣ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሙጫ ነው። ጠዋት ይፈስሳል፤ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ሆኗል። የእጅ መታጠቢያ ይሠራበታል፣ የጠረጴዛ ገጽ፣ አግዳሚ ወንበር።

እትዬ ሙሉጌጥ በተቀጠሩ ሰሞን አንድ ማለዳ ቀድመው ገቡ። ግቢው ውስጥ አሸዋው ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ደርቆ ነፋስ ያቦነዋል። በጥላው በኩል ደግሞ ትናንት የፈሰሱት ገጾች ማንም ሳያለብሳቸው፣ ማንም ሳያጠጣቸው ተደርድረዋል። አንጀታቸው አልቻለም። ባልዲ አንስተው አሸዋውን አርከፈከፉት፤ ገጾቹን ጆንያ አልብሰው አጠጧቸው።

ፀሐዩ የአሸዋውን ላዩን መልሶ አደረቀው። ውስጡ እርጥብ መሆኑን ማንም ሳያውቅ ከሙጫው ጋር ተቦካ። አንድ ረጅም አግዳሚ ከፈሰሰ በኋላ ነው ክብሩ እጁን ወደ ቀረው አሸዋ ሰዶ ቀዝቃዛ የነካው።

"አሸዋዬን ማነው ውኃ ያስነካው?"

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ። "ተጠምቶ ነበር።"

"እትዬ፣ ይሄ አይጠጣም።"

"የማይጠጣ ኮንክሪት የት አለ?"

"ይሄው እዚህ አለ። ሲሚንቶ ውኃ ይወዳል። ሙጫ ግን አይወድም። አሸዋው ትንሽ እርጥበት ከያዘ ሙጫው አይጨብጠውም፤ ውኃው በመሃላቸው ይገባና ያለያያቸዋል። ከጠነከረ በኋላ ለአንድ ቀን ዝናብ ግድ የለውም። ግን ዓመት ከዓመት ውኃ ውስጥ ከኖረ ቀስ ብሎ ይገባበታል፤ ያለሰልሰዋል።"

ጆንያ ወደለበሱት ገጾች ዞር ብለው አዩ። "ታዲያ እንዲጠነክር ምን ይሰጠዋል?"

"ምንም።"

"ጾመኛ ነው በለኛ።"

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። የድንጋዩ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጾመኛው ሆነ፤ የእሳቸውም "ጾመኛ ያስገደፉት እትዬ" ሆኖ እስከ ሰፈራችን ደረሰ። ክብሩ ራሱ ፊቱን አኮሳትሮ ጥቂት ቆየና ሳቁ አሸነፈው። የተበላሸውን አግዳሚ ሰብሮ ሊጥለው ሲል ግን ለመኑት።

"ያስገደፍኩት እኔ ነኝ፤ ለኔ ስጠኝ።"

በጋሪ አስጭነው ሐይቁ ዳር ወሰዱት። በዋርካው ሥር በሁለት ጥቁር ድንጋዮች ላይ አጋደሙት፤ የጋሽ ወልደአማኑኤል መቀመጫ ሆነ። ይህ የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም ነው።

ክረምት ሲሆን ሐይቁ ከፍ ይላል፤ አግዳሚው ይሰምጥና ገጹ ብቻ እንደ ዓሣ ጀርባ ይታያል። በጋ ሲሆን ውኃው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ አግዳሚውም አረንጓዴ ጠርዝ ይዞ ብቅ ይላል። በሁለቱም ወራት ጋሽ ወልደአማኑኤል በቀኝ በኩል ይቀመጡበታል፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ሰደው፣ መረቡን ጭናቸው ላይ አድርገው። እትዬ ሙሉጌጥ ከሥራ ሲወጡ በግራ በኩል ይቀመጣሉ። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ የዓሣ አንጀት እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ተራራ ስትወርድ ውኃው ቀለሙን ይቀይራል፣ መረቡ ወርቅ የተፈተለ ይመስላል፣ ሰው ሲነጋገር ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል። እኔ ከትምህርት ስመለስ ከኋላ አያቸው ነበር። ሁለት ጀርባ፣ አንድ ድንጋይ። ከዚያ ወዲያ ሁሉ ብርሃን።

ከዚያ የጋሽ ወልደአማኑኤል ኩላሊት ደከመ። እግራቸው አበጠ። ሐኪሞቹ ውኃ በልክ አሉ፤ በትንሽ የሻይ ብርጭቆ ብቻ፣ እሷም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሞላ ተቆጥራ። ልኩን የሚሰጡት እትዬ ሙሉጌጥ ነበሩ።

"ከተማውን ሁሉ ያጠጣሽ ሴትዮ" ይሏቸው ነበር ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ብርጭቆዋን በሁለት ጣት አንስተው እያዩ፣ "እኔ ላይ ስትደርሺ ጎማሽ ተዘጋ።"

"ሐኪሙ ነው የዘጋው፣ ወልዴ።"

"አውቃለሁ፣ ሙሌ። አሁን እኔና ወንበሬ እኩል ሆንን። ሁለታችንም ጾመኞች፣ ሁለታችንም ሐይቅ ውስጥ።"

ለመጨረሻ ጊዜ ዳር የወጡበትን ቀን አስታውሳለሁ። ክንዳቸውን ይዣቸው ነበር የወረድነው። ተቀምጠው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሰደዱ። ሐይቁ ከፊታቸው ተዘርግቷል፣ ዳር የለውም፣ ጸጥ ብሏል። አንዳች አልጠየቁም። ዝቅ ብለው መዳፋቸውን አርጥበው በፊታቸው ላይ አሳለፉት፤ ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ እጃቸው ትንሽ ቆየ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አረፉ።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ እሑድ ክብሩና ጋሽ በርናባስ ወደ ግቢያችን መጡ። ጋሽ በርናባስ የአጥማጆቹ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ከጋሽ ወልደአማኑኤል ጋር በአንድ ጀልባ ያረጁ። ሁለቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ለቅሶ የመጡ መስሎኝ ነበር።

"ማኅበሩ ያን የእንጨት መረማመጃ ሊያፈርስ ነው፣ ሙሉጌጥ" አሉ ጋሽ በርናባስ። "ውኃው ድረስ የሚወርድ ደረጃ እናሠራለን። እንጨት ይበሰብሳል። ይሄ ልጅ በጾመኛው እሠራላችኋለሁ ብሎን ነበር። ውኃ ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ።"

"አላውቅም ማለቱ ደግ ነው" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

"መጽሐፉ ላይ ያለው የሌላ አገር ውኃ ነው፣ እትዬ" አለ ክብሩ። "የኛ ሐይቅ ውኃ ሳሙናነት አለው፤ ሙጫን ያጠቃል። በባልዲ የነከርኳቸው ቁርጥራጮች አሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን ውኃ እየሳቡ ከበዱ፣ ከዚያ ቆሙ። ግን ገና ዓመታቸው ነው። ስድስት ዓመት ሐይቅ ውስጥ የኖረ አንድ ብቻ ነው ያለው።"

እትዬ ሙሉጌጥ ቀና ብለው አዩት።

"ልታየው ነው የምትፈልገው?" አሉት።

"ልሰብረው ነው፣ እትዬ። እስኪሰበር ተጭኖ ነው ጉልበቱ የሚታወቀው። ሌላ መንገድ ቢኖር አልመጣም ነበር።"

"እሱ እኮ የተበላሸው ነው። አስገድፌዋለሁ።"

"ስለዚህም ነው። ከሁሉ የደከመው እሱ ነው። እሱ ምን እንደቀረው ካወቅሁ፣ አሸዋውን በደንብ አድርቄ የምሠራው ከዚያ እንደማያንስ አውቃለሁ።"

እትዬ ሙሉጌጥ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "አይሆንም" አሉ በቀስታ። "ፎቶው ፊቱን ይዞልኛል። ክብደቱን የያዘልኝ ድንጋዩ ነው። ተቀምጬበት ጎኔ ባዶ ሲሆን እንኳ እዚያ እንደነበረ አውቃለሁ። እሱን ደግሞ ከወሰዳችሁት ወዴት ነው የምሄደው?"

ክብሩ መሬት መሬት አየ። ጋሽ በርናባስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ላይ አዞሩ።

"እንግዲህ በእንጨት እናድሰዋለን" አሉ።

"እንጨቱስ ስንት ዓመት ይቆያል?"

"እስኪጥል ነዋ" አሉ ጋሽ በርናባስ። "የባልሽን ጉልበት እንደሰበረው።"

ክፋት አልነበረበትም። እንደዚያው ብለው ተነሡ፤ በሩ ላይ ደርሰው "ጌታ ያጽናሽ" አሏቸው፤ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሙሉጌጥ ሐይቁ ዳር ወርደው በግራ በኩል፣ በራሳቸው ቦታ ተቀመጡ። እኔ ዋርካው ሥር ቆምኩ። ጀልባዎቹ ሲደርሱ ወጣቶቹ ሣጥን በትከሻቸው ይዘው በመረማመጃው ላይ ይወጡ ጀመር። እንጨቱ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ይጎብጥና ተመልሶ ይቃናል፤ ሲጎብጥ ያቃስታል። አንዱ ልጅ ጥርሱን እያሳየ ይሮጥበታል። እትዬ ሙሉጌጥ ሲጎብጥ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሲቃና ይለቃሉ። የመጨረሻው ሣጥን እስኪወጣ እንዲሁ ትንፋሻቸው ከእንጨቱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ቆየ። ከዚያ ባጃጅ ጠርተው መናኸሪያ ሄዱ።

"ግማሹን ውሰድ" አሉት ክብሩን፣ ሰላምታ ሳያቀርቡ። "በግራ በኩል ያለውን። እኔ የምቀመጥበትን።"

ድንጋዩን ለመቁረጥ እብነ በረድ የሚቆርጡ ሰዎች ጋ መሄድ ነበረበት። የማሽኑ ክብ ምላጭ እንዳይግል ውኃ ይወርድበታል፤ ያን ቀን ግን ውኃውን የሚረጨው ቱቦ ተዘግቶባቸው ነበር።

"አንድ ሰው በጆግ ያጠጣልን" አለ ቆራጩ፣ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እያወረደ።

ክብሩ እትዬ ሙሉጌጥን አየ፤ እሳቸውም አዩት። ጆጉን ተቀበሉ። ምላጩ መጮህ ሲጀምር በቀጭኑ ያወርዱለት ጀመር፣ ሳያቋርጡ፣ ሳያበዙ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት። ከተቆረጠው መስመር ነጭ ውኃ እንደ ወተት እየፈሰሰ ጫማቸውን አለበሰው። ድንጋዩ ሁለት ሲሆን ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ጆሮዬ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሲዘምር ቆየ።

ክብሩ የተቆረጠውን ፊት በስፖንጅ ጠረገው። ውስጡ ሁለት ቀለም ነበር። ዳር ዳሩ እንደ ረጠበ አሸዋ ጠቁሯል፤ መሃሉ ፈዛዛ ነው። በጥቁሩና በፈዛዛው መካከል ድንበሩ እንደ ሐይቅ ዳር ወጣ ገባ እያለ ይሄዳል።

"ውኃው እስከዚህ ደርሷል" አለ ክብሩ በጣቱ እየተከተለ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ገፍቶ ገፍቶ እዚህ ነው የደረሰው። መሃሉን አልነካውም።"

"እነዚህስ?" እትዬ ሙሉጌጥ በየአሸዋው ቅንጣት ዙሪያ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች አሳዩት። ፈዛዛው መሃል ላይ ሳይቀር ተበትነዋል።

"እነዚህ ከውጭ የገቡ አይደሉም።" ክብሩ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም። "ሙጫው አሸዋውን ያልጨበጠበት ቦታ ነው። እነዚህ የእርስዎ ናቸው፣ እትዬ። የዚያን ጠዋቱ ባልዲ።"

ጎንበስ ብለው ከቅርብ አዩአቸው። "ሁሉም አሉ" አሉ። "አንዱም አልጠፋም።"

የእሳቸው ግማሽ ትንንሽ ኩብ ሆኖ ተቆራረጠ። ከፊሉ እንደ ረጠበ፣ ከፊሉ ሳምንታት በጥላ ደርቆ፣ መጭመቂያ ማሽን ወዳለበት ቤተ ሙከራ ተወሰደ። ከአግዳሚው ጋር በአንድ ሰሞን የፈሰሰ፣ ውኃ ነክቶት የማያውቅ የወርክሾፑ ጠረጴዛም ለማመሳከሪያ ተቆረሰለት። ክብሩ ውጤቱን ሊነግራቸው የመጣው ራሱ ነው፤ በራችን ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር።

"ሲሰበር ጮኸ?" ብለው ነው የጠየቁት።

"ውኃ ያልነካው ጠረጴዛ እንደ ጥይት ነው የጮኸው። እርጥቡ ግን አልጮኸም፣ እትዬ። ቀስ ብሎ እየሰፋ፣ ዝም ብሎ ነው የተሰበረው፤ ከጠረጴዛው ሲነጻጸር ጉልበቱ ብዙ ቀንሷል። ምን ያህሉ የሐይቁ፣ ምን ያህሉ የባልዲው እንደሆነ መለየት አልችልም።"

"የደረቀውስ?"

"የደረቀው ጮኸ። እንደ ጠረጴዛው አይሁን እንጂ ጮኸ። ውኃው ያለሰለሰው፣ ውኃው ሲወጣለት ይመለሳል። ሙጫው ራሱ የተበጠሰበት ግን አይቀጠልም።"

"ስለዚህ ማድረቅ ዋጋ አለው" አሉ እትዬ ሙሉጌጥ።

ጨርቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀረውን ግማሽ ክብሩ በቆረጠው በኩል በሙጫ ቀብቶ ወደ ቦታው መለሰው፤ ውኃው በማይሸፍነው ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። የቀረው የቀኙ ነው፤ የጋሽ ወልደአማኑኤል። የእትዬ ሙሉጌጥ ቦታ ስለሌለ አሁን በእሱ ላይ ይቀመጣሉ።

ደረጃው የተሠራው በበጋ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ነው። ክብሩ የላዮቹን ደረጃዎችና ዓሣ የሚጸዳበትን ጠረጴዛ በጾመኛው ሠራቸው፤ አሸዋውን በብረት ምጣድ ላይ እያመሰ አድርቆ፣ ውፍረታቸውን ጨምሮ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚኖሩትን የታችኞቹን ግን በራሱ ድንጋይ አልሠራቸውም። ለእነዚያ ጥቁር ድንጋይና የድሮው አርማታ ይሻላል ብሎ ለጋሽ በርናባስ ነገራቸው። አርማታው በፈሰሰ ዕለት ባጃጅ ልኮ እትዬ ሙሉጌጥን አስመጣቸው።

"ይሄኛው ይጠጣል" አላቸው፣ ጎማውን እያቀበለ።

ጆንያ አለበሱት። ጠዋትና ማታ እየወረዱ አጠጡት፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በሹክሹክታ እያወሩት። ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ ተመልሶ ሲመጣ የታችኛዎቹን ደረጃዎች አንድ በአንድ ሸፈናቸው። ወጣቶቹ አሁን ሣጥን ተሸክመው ሲወጡ ከእግራቸው ሥር የሚያቃስት ነገር የለም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ሐይቁ ወርጄ አነበብኩላቸው። አንድ ነገር ብቻ ሳይጻፍ ይቅር ብለው አስቀድመው ለምነውኝ ስለነበር ትቼው ነበር። የባጃጁ ነጂ ጋ ስደርስ ሳቁ። ባልዲው ጋ ስደርስ በጨርቁ አፋቸውን ሸፈኑ። ሲያልቅ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት፣ ፈቱት፣ መልሰው አጠፉት።

"በቃ?" አሉኝ።

"ይቅር ያሉኝ ብቻ ነው የቀረው።"

ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ኳ ኳ አደረጉት፤ ሰሙት። "ያንቺ ጽሑፍ እንደ እርጥቡ ነው" አሉ። "አይጮህም።" ከዚያ ወደ ውኃው ዞር አሉ። "እንግዲያው ጻፊው።"

ያረፉበት ሐምሌ ነበር፤ ውጭ ዝናብ ይጥላል። ጋሽ ወልደአማኑኤልን አማርኛው ርቋቸዋል፤ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ናት። የዚያን ቀን ልካቸው ከረፋዱ አልቆ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡና ባለቤታቸውን አይተው "ዋ" አሉ። በዚህች ቃል ዕድሜ ልካቸውን ሲዘልሉ የኖሩት ሴት አልዘለሉም። የሻይ ብርጭቆዋን ወደ ጎን አደረጉ። ትልቁን ጣሳ ሞልተው መጡ፣ በግራ ክንዳቸው የባለቤታቸውን ራስ ደገፉ፤ ሳያቋርጡ፣ ሳያጣድፉ፣ እስኪበቃቸው ድረስ አጠጧቸው።